«አበሻ የሌለበት ይሁን»

እሑድ ማታ አይሆንልኝም። በተለይ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ፣ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ድቅድቅ ይላል። ቤቱ ይሞቃል፣ ከምሳ የተረፈ ሽሮ አለ፣ የጎደለ ነገር የለም። ግን የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ይጫነኛል። ድሮ ለዚህ ስሜት መድኃኒቴ መጠጥ ነበር። አሁን ጃኬቴን ደርቤ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ወደሚያደርጉት ስብሰባ እሄዳለሁ።

ልወጣ ስል አንድ ጠጪ ጓደኛዬ ደወለ። ባለ ታክሲ ነው። «አንተ የምትሄድበት ቦታ እኔንም ውሰደኝ» አለኝ። ይህን ከአፉ ለመስማት ምን ያህል ጓጉቼ እንደነበር! ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረበት። «ብቻ አበሻ የሌለበት ይሁን።»

እሺ አልኩት። ቦታ ማግኘቱስ ቀላል ነው። ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ አለ፤ በአካባቢህ ያለውን የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ (ስማቸውን ሳይገልጡ መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ ከነሰዓቱ ከነአድራሻው ያወጣልሃል። «ክፍት» የተባለው ቤተሰብም ጓደኛም የሚገባበት ነው። «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉት ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ ክፍያ የለም። ቅርጫት ይዞራል፤ የፈለገ ይጥላል። ዳር ይዞ ማየት እንዲችል ክፍቱን መረጥኩለት።

ከዚያ በፊት ግን ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት፤ በዚህ አልደራደርም። እሱ በየቀኑ ነው የሚጠጣው፣ ያውም ጠንካራውን። እንዲህ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስብሰባ ይህን አያክምም። አገር ቤት ሲንቀጠቀጥ አይተን «ለክፎት ነው» ያልነው ሰው ስንት ይሆን?

ስብሰባው ቦታ ደርሼ ወንበር ስዘረጋም ያቺ «አበሻ የሌለበት ይሁን» ያላት ንግግሩ አልለቀቀችኝም። ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ወንበር መዘርጋት የኔ ሥራ ነው። ቡናውን የሚያፈሉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። የወረቀት ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ይደረድራሉ፤ ሁለቱ ተጣብቀው ከመጡ በጥፍራቸው ቀስ አድርገው ያላቅቋቸዋል። አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነው። ስምህን ብቻ ይጠይቁሃል። የአባት ስም የለም። ስትናገር ማንም አያቋርጥህም፣ ማንም አይመክርህም። እዚያ የሚባለውን እዚህ አልጽፍም።

እኛ ጋ ስምህን ስትናገር «የማን ልጅ ነህ?» ይከተላል። ቀጥሎ «ሰፈርህ የት ነበር?» ወዲያው አክስትህን የሚያውቅ ሰው ይገኛል። ይህን በክፉ አላየውም። እዚህ አገር ስንመጣ ቤት ያስገኘልን፣ ሥራ ያስገባን፣ ስንሞትም ሬሳችንን አገራችን የሚልክልን ይኸው «የማን ልጅ ነህ» ነው። ጓደኛዬ የፈራውም ይህንኑ ነው። ዛሬ ያወራው ነገር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬ ሆኖ፣ በሳምንቱ እናቱ ጆሮ እንዳይደርስ።

ደግሞ ተሰብስቦ መቀመጥን እንደኛ ማን ያውቅበታል? የጽዋ ማኅበር ስናይ አይደል ያደግነው! ተራ የደረሰው ይደግሳል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የቀረ ለምን ቀረ ይባላል። እኔ ስብሰባውን የለመድኩት እንደ ማኅበር አድርጌ አስቤው ነው። ጠላው ብቻ ቀርቷል። ግን አገር ቤት መጠጥ ያቆመ ሰው «ቅመስ እንጂ፣ የመልአኩ ነው» ሲሉት ምን ብሎ ይመልሳል?

የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አጀማመር ይገርመኛል። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል፣ መጠጥ ያቆመ የኒውዮርክ ሰው ለሥራ አክረን፣ ኦሃዮ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ በአንድ በኩል ባሩ ይጮኻል፣ በሌላ በኩል ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አለ። ስልኩን አነሳ። የፈለገው የሚያወራው ሌላ ጠጪ ነበር። በሰው በሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ተገኘለት። ሐኪሙ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀመጠ። አይተዋወቁም ነበር፤ ጓደኛዬ የሚፈልገውም ይህን ነው። ግን ሁለቱም ቨርሞንት ነው የተወለዱት። የአንድ አገር ልጆች! ያን ምሽት ይህ ምንም አልረዳቸውም ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ተናግሬያለሁ፣ ቀልሎኛልም። ስለ አባቴ ግን እስካሁን አልተናገርኩም። በእንግሊዝኛ አልወጣ አለኝ። ጓደኛዬም እንግሊዝኛው ለታክሲው ይበቃዋል። ለዚህስ? ስፓኒሽ ተናጋሪዎች እዚሁ አካባቢ በቋንቋቸው ይሰበሰባሉ።

በአማርኛ አንድ ክፍል ብንከፍትስ? ቡና እናፈላለን፣ ያ ችግር የለውም። የማን ልጅ እንደሆንክ የማይጠይቅህ፣ ቢያውቅህም እንዳላወቀ የሚሆን፣ በማግስቱ ገበያ ላይ ሲያገኝህ ስለ አየሩ ብቻ የሚያወራህ አበሻ ከየት እናምጣ? ሁላችንም አንዳችን የሌላችንን እናት በምናውቅበት ከተማ፣ መጀመሪያ የሚናገረውስ ማን ይሆናል?