ሐሙስ ምሽት 3 ሰዓት

ቴሌቪዥን ጣቢያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የቱ ፕሮግራም ላይ ነበርክ?" ብሎ ነው። የቱም ላይ አልነበርኩም። የእኔ ሥራ ሼዱል ማውጣት ነበር። ምን በስንት ሰዓት ይተላለፍ፣ ከምን ቀጥሎ ይግባ፣ ድጋሚው መቼ ይሁን፣ አምስት ደቂቃ ክፍተት ሲፈጠር በየትኛው ዘፈን ይሞላ። አዘጋጆቹ ሠርግ ላይ ሲገኙ ሰው አብሯቸው ፎቶ ይነሳል። እኔ የምታወሰው አንድ ነገር ሲዘገይ ብቻ ነው።

በዚያን ጊዜ ሐሙስ ምሽት 3 ሰዓት የሚተላለፍ የሕግ ፕሮግራም ነበረን። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ። በቃ። ውርስ፣ ፍቺ፣ የአጥር ክርክር፣ ወንድም ለወንድሙ አበድሮት ያልተመለሰ ብር። ስልኩ ግን አያርፍም። ፕሮግራሙ አልቆ መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ይጮኻል። እኛም "ሰው ጠበቃውን ወደደው" ብለን ደምድመን ነበር። ጠበቃውም እንደዚያው ደምድሞ ነበር፤ ጭራሽ አዲስ ሱፍ አሰፋ።

አንድ ቀን ስፖንሰር መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ሐሙስ ሰው ከሥራ ደክሞት ነው የሚገባው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን እረፍት ላይ ነው፣ ተረጋግቶ ያያል፣ ስለዚህ ወደ ቅዳሜ አዙሩት አለ። የማስታወቂያ ክፍሉ ወዲያው ተስማማ። ሌሎቹን ብቻ ባማ ደስ ባለኝ፣ ግን እኔም በደንብ ነው የደገፍኩት። አዲሱን ሼዱል በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ በቀለም ሁሉ አሳምሬ።

መጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ስልክ መጣ። ሰው ገና አልሰማም አልን። በሁለተኛው አንድ፣ እሱም በስህተት የተደወለ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠበቃው በአዲሱ ሱፍ ተቀምጦ ስልኩን ያያል፣ እኛ ከመስታወቱ ወዲህ እሱን እናያለን። መጨረሻ ላይ ላይኛው ፎቅ ያለ ባልደረባችንን "እባክህ ደውልና የሆነ ነገር ጠይቅ" አልነው። ስለ አባቱ ውርስ ጠየቀ። አባቱ በሕይወት አሉ፣ ያውም ፕሮግራሙን እያዩ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ልወስድ ስወርድ፣ ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ያ ጠበቃ ታመመ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው እትዬ። ወደ ቅዳሜ ተዛወረ እኮ።"

"ቅዳሜ? ቅዳሜማ ማን ቤት አለ? ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ልብስ አጠባ አለ።" ስኳር ጨመሩልኝና ቀጠሉ። "እኔማ ድሮም ላየው ብዬ አልነበረም። ድራማው ሲያልቅ ተነስቶ ቻናል የሚቀይር ሰው ጠፍቶ ነው። በኋላ ግን ለመድኩት።"

ብርጭቆውን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከጠበቃው በፊት የሚገባው ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ከድራማው በፊት ደግሞ ዜና። ቤተሰቡ እራት በልቶ፣ ዜናውን ሰምቶ፣ ድራማውን ጨርሶ፣ እግሩን ዘርግቶ ሳለ ነው ጠበቃው ሳሎን የሚገባው። ያን ሁሉ ሰው ድራማው አምጥቶ ነበር የሚያስረክበው። እኛ ደግሞ ጠበቃውን ከዚያ ነቅለን ብቻውን ቅዳሜ ሜዳ ላይ አቆምነው።

አለቃዬ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። የድሮ ሰው ነው፣ ገና አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን ሥራ የጀመረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተመልካቹ የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም፤ ምሽት 2 ሰዓት ዜና ነው፣ አለቀ፣ የግድግዳ ሰዓቱን በዜናው የሚያስተካክል ቤት ነበር። ሰው ግን ምርጫ ሲያገኝም ልማዱን ወዲያው አይጥልም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። የውጭ ድራማዎቹ ወደ አማርኛ መመለሳቸው አንድ ነገር ነው፣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም በዚያ ጊዜ ብዙ ተቃውመዋል። በሼዱል ሠሪ ዓይን ግን እኔን የገረመኝ ሌላ ነበር፤ ድራማው በሳምንት አንዴ ሳይሆን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመጣል። ስንቱ ቤት የእራት ሰዓቱን ገፋ! እንግሊዝ አገር እንኳ ታዋቂ ፕሮግራም ሲያልቅ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሻይ ሊጥድ ስለሚነሳ፣ የመብራት ኃይል ሰዎቻቸው አስቀድመው ይዘጋጃሉ ይባላል፣ እውነትም ነው። እኛ ጋ ሻዩ ከመጣዱ በፊት መብራቱ ራሱ ይሄዳል፣ እሱን እንተወው።

አለቃዬ ሳቀብኝና "አዲስ ሰው ሠርግ ላይ ብቻውን አታስቀምጠውም። ሁለት የሚታወቁ ሰዎች መሀል ነው የምታስቀምጠው" አለ። ጠበቃውን ወደ ሐሙስ መለስነው። በአንድ ወር ያጣነውን ለመመለስ ግን ወራት ፈጀብን፣ ሁሉም አልተመለሰም።

አሁን ከጣቢያው ወጥቻለሁ። ከሁለት ወጣቶች ጋር ሆነን ሕግን በቀላል አማርኛ የሚያስረዳ ቪዲዮ ለዩቲዩብ እንሠራለን፤ ቁራጩን ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። ስገባ አሠራራቸው "ሲያልቅ ይጫናል" ነበር። ማክሰኞ እኩለ ቀን አንዱ፣ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ እሁድ ጠዋት ሌላው። ተመልካቹ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ እነሱም ነገሩን ዩቲዩብ ላይ ያላክኩታል። ሐሙስ ምሽት 3 ሰዓት ይሁን አልኩ። ኤዲተራችን "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቴሌቪዥን አይደለም፣ ሰው በፈለገው ሰዓት ነው የሚያየው" አለኝ። ልክ ነው። ግን "በፈለገው ሰዓት" ማለት ብዙ ጊዜ "መቼም" ማለት ነው።

ፉከራዬን ያበላሸው የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። ቪዲዮውን በራሱ ሰዓት እንዲወጣ አስተካክዬ ተኛሁ፤ 3:00 ብዬ። ያስተካከልኩት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው ለካ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወጣ። ጠዋት ስነሳ አንዱ ከሥር "ጠበቃዋ እንቅልፍ የላትም እንዴ?" ብሎ ጽፏል። ሰባት ዓመት ሼዱል የሠራሁ ሰው!

ከዚያ በኋላ ግን ሳምንት ሳናሳልፍ ያዝነው። የቤት ኪራይ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ሲወጣ አከራይም ተከራይም ስለ ሁለት ዓመቱ ውል ይጠይቅ ስለነበር፣ ርዕሱን በአንድ ቪዲዮ አልጨረስነውም፤ ለሁለት ከፈልነውና ማንም የማይነካውን የውክልና ጉዳይ መሀላቸው አስቀመጥነው። ለብቻው ቢሆን ማን ያየዋል? ታየ። መጨረሻ ላይም "ሰብስክራይብ አድርጉ" እያሉ መለመን ቀረና፣ ጠበቃዋ አንድ ጥያቄ አንስታ ሳትመልስ መውጣት ጀመረች። "አከራይዎ ቤቱን ቢሸጠውስ? ሐሙስ እንገናኝ።" ሰዎች እየተሳደቡም ቢሆን ይመጣሉ።

ከቴሌቪዥን ያመጣሁት ሁሉ ግን አልሠራም። የአርባ ሰከንድ መግቢያ ሙዚቃ አሠርቼ ነበር፣ በክራር፣ ስወደው! ኤዲተሩ ግራፉን አምጥቶ አሳየኝ፤ ሰው ክራሩ ላይ እንደ በረዶ ይቀልጣል። ሳሎን የተቀመጠ ሰው ሙዚቃው እስኪያልቅ ቡና ይቀዳል፣ ስልክ የያዘ ሰው ግን በፓኬጁ ነው የሚያየው፣ ክራር አይገዛበትም። ቆረጥነው። "ክቡራትና ክቡራን"ም አብሮ ሄደ።

አሁን የቸገረን የሰዓቱ ነገር ነው። ከቪዲዮው ጋር ግማሽ ሰዓት ቀጥታ ጥያቄ መቀበል ጀምረናል። ሪያድ ያሉት ሰዓታቸው ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ችግር የለም፤ የሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ እቃ አጥባ እንደጨረሰች በጆሮ ማዳመጫ ትገባለች፣ ሁሌም የመጀመሪያዋ ጠያቂ እሷ ናት። አሜሪካ ግን በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ትቀይራለች፣ እኛ አንቀይርም። የእኛ ምሽት 3 ሰዓት በበጋቸው ሜሪላንድ ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ እህቴ እረፍት የምትወጣበት። በክረምታቸው 7 ሰዓት ይሆናል፣ ያኔ ሥራ ላይ ናት። ደውላ "አንድ ሰዓት ብቻ ግፉት፣ ምን ይጎዳችኋል?" አለችኝ። ኤዲተሩም ደገፋት፤ ብዙ ተመልካች ከዚያ አለን አለ።

እምቢ አልኩ። እህቴ አኩርፋለች። ሐሙስ 3 ሰዓት ላይ ነን።