ሦስት ኩንታል ጤፍ እና አንድ የሐሰት ውል

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ሲነገር ማታ ዜናውን ከባለቤቴ ጋር ሆነን ሰማን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዶላር ከእጃችን ገብቶ አያውቅም፤ የምንበላው ዘይትና የልጄ የአስም መድኃኒት ግን በዶላር የሚገዙ ናቸው። በዚያ ሳምንት አንድ ደብተር ገዝቼ የቤታችንን ወጪ መመዝገብ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸው አብዛኞቹ ነገሮች ቀላል ነበሩ። ሁለት ወር ሙሉ የወጣውን ሁሉ፣ የታክሲውን ጭምር፣ ጻፍኩ። ከኪራይ ውጪ የሁለት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያ ባንክ አስቀመጥኩ። ከዚያ በላይ በባንክ ማቆየት ለእንደኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ጥቅም የለውም እላለሁ፤ ቆጥቡ የሚለውን ምክር በየቦታው ብንሰማም፣ በዚያን ጊዜ 7 በመቶ ወለድ እየታሰበልኝ የዋጋ ንረቱ ከዚያ እጥፍ ሲበልጥ በየወሩ የምከስረው እኔ ነበርኩ። የቀረውን በሳምንት 1,000 ብር የሚጣልበት የ40 ሰው ዕቁብ ውስጥ አስገባሁት። የልጄን መድኃኒት ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ይዤ መጠበቅን ልማድ አደረግኩ። ዛላ በርበሬ 10 ኪሎ ገዝቼ ከእናቴ ጋር ቀንጥሰን አስፈጨነው።

ጥር 2017 ላይ ዕቁቡ ወጣልኝ። በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር እህል በረንዳ ሄደን ሦስት ኩንታል ሰርገኛ ጤፍ፣ አንዱን ኩንታል በ12,800 ብር፣ ገዛን። ጤፍ በየወሩ እየመነዘሩ መግዛት ድሃን ይበልጥ የሚያደኸይ ልማድ ነው። አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲረጋጋ በጥር መግዛት፣ ክረምቱን በቤት ባለው ማለፍ ነው የሚሻለው። እህል በቤት ማከማቸት ገበያን ያናጋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለአራት ሰው ጉሮሮ የገዛሁት ጤፍ ማንንም አልጎዳም። የጤፍ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ መድረቁ ግን ወሳኝ ነው። በጥርስ ነክሳችሁ ድርቀቱን ፈትኑ፣ በመዳፋችሁ አሽታችሁ አፈርና አሸዋ እንደሌለው እዩ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ አስቀምጡት፣ የወር የወሩን ብቻ አስፈጩ። ዱቄት ሆኖ ከከረመ እርጥበት ያበላሸዋል።

በዚህ ሁሉ ኮርቼ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ። ያልተዘጋጀሁት ግን ከወጪያችን ሁሉ ትልቁ ለሆነው ለቤት ኪራይ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ 2016 ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቶ የኪራይ ውሎች በወረዳ እንዲመዘገቡ ሲባል አከራያችን ጠሩኝ። በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ አራት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረናል፣ ልጄን በጀርባቸው አዝለዋታል። «ልጄ፣ ውሉ ላይ 6,000 ብለን እንጻፈው፤ ግብሩ ይከብደኛል። አንቺ ላይ የሚመጣ ነገር የለም» አሉኝ። የምንከፍለው 9,500 ብር ነበር፤ ያውም በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ። እሺ አልኳቸው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በመሥሪያ ቤቴ ደረሰኝ የሌለውን የ200 ብር ወጪ አላወራርድም ብዬ ከስንት ሰው ጋር ተጣልቻለሁ። ለራሴ ቤት ግን በዓመት ከ100,000 ብር በላይ ያለ አንድ ወረቀት እከፍል ነበር። በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በወር ስንት እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ወረዳው ስንሄድ መዝጋቢው ውሉን አንብቦ ቀና ብሎ አየን። በዚያ ሰፈር ሁለት ክፍል ከነማዕድ ቤቱ በ6,000 ብር እንደማይገኝ እሱም ያውቃል፤ እሱም ተከራይ መሆኑን ከዚያ በፊት ወረፋ ላይ ሲያወራ ሰምቻለሁ። «ዋናው መመዝገቡ ነው» አለና ማኅተሙን መታበት። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ጤፉ የገባ ዕለት ሦስቱ ማዳበሪያዎች በጠራራ ፀሐይ በተሸካሚ ትከሻ በግቢው መካከል አለፉ። አከራያችን በረንዳቸው ላይ ቡና እያፈሉ ነበር። «እሰይ፣ ይባርክላችሁ» አሉን። የካቲት በገባ በሳምንቱ ኪራዩ 14,000 ብር እንዲሆን እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አዋጁን ጠቅሼ ውሉ ለሁለት ዓመት እንደሆነ፣ ጭማሪም በዘፈቀደ እንደማይደረግ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ልጄ፣ ሦስት ኩንታል ጤፍ በአንድ ቀን ያስገባ ሰው 14,000 አያቅተውም» አሉኝ። ዕቁብ እንደሆነ፣ ገና ሃያ ሳምንት ያህል መጣል እንዳለብኝ ብነግራቸው አላመኑኝም።

ወረዳ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። በሁለተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል በአንድ እግሩ በሚንቀጠቀጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠብቄ ተመለስኩ። ሁለቱም ቀን ከሥራ ፈቃድ የጠየቅኩባቸው ናቸው። በሦስተኛው ያው ማኅተም የመታው መዝጋቢ ፋይሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ጣቱንም 6,000 ከሚለው ቁጥር ላይ አሳረፈ።

«እህቴ፣ የምትከፍዪው ስንት ነው?»

«9,500።»

«እዚህ ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

የእኔ ነበር። ሰማያዊ እስክርቢቶ፣ መሥሪያ ቤት ወጪ ሳጸድቅ የምፈርመው ያው ፊርማ። መዝጋቢው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩ ከተከፈተ ሁለታችንም ሐሰተኛ ውል አቅርባችኋል ተብለን እንደምንቀጣ፣ 9,500 መክፈሌን የሚያሳይ አንድም ማስረጃ እንደሌለኝ ነገረኝ። ከዚያም «ሽማግሌ ይዛችሁ ተስማሙ» ብሎ ፋይሉን ዘጋው። ትክክል ነበር። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በሰኔ ያው ሰው «ይህ ዋጋ እውነት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን ኖሮ አፍረን እናስተካክለው ነበር። ለመዝገቡ ቁጥር ብቻ የተጨነቀ ሰው የእኔን ቤት ከመንገድ ላይ አዋለው።

አንዳንድ ጓደኞቼ በወረቀቱ ላይ ያለውን 6,000 ብር ብቻ መክፈል ነበረብሽ ብለውኛል። አላደረግኩትም። ቃሌን ሰጥቼ 9,500 ስከፍል ኖሬ በሐሰት ቁጥር ሴትዮዋን ማጥቃት አልሆነልኝም። ደግሞም ውኃውና የመብራቱ ቆጣሪ በእሳቸው እጅ ነው። የግቢው በር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ መቆለፍ ጀመረ፤ ባለቤቴ ከጋራዥ የሚመለሰው ሁለት ተኩል ላይ መሆኑን እያወቁ። ብዙም ሳይቆይ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» የሚለው መጣ። ይህን የሰማ ተከራይ ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል።

ሚያዝያ ላይ ወጣን። አዲሱ ቤት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ 13,000 ብር። የሁለት ወር ቅድሚያ 26,000፣ ለደላላ 6,000፣ ለመኪናና ለጫኝ 5,500 ብር። ድምሩ 37,500 ነው፤ ሦስቱን ኩንታል ከገዛሁበት በ900 ብር ብቻ ያንሳል። ቅድሚያው ኪራይ ነው እንጂ ኪሳራ አይደለም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ግን በአንድ ቀን የወጣ ገንዘብ ነው። መጠባበቂያችን 22,000 ብቻ ነበር፤ ቀሪውን 15,500 ከእህቴ ተበደርኩ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዱ ማዳበሪያ ከብረት መደገፊያው ጋር ተጋጭቶ ተቀደደ። ጤፍ ሲፈስ ድምፅ የለውም። ዞር ስል ደረጃው ላይ እንደ ውኃ እየወረደ፣ በየእርከኑ ጠርዝ እየተንጠባጠበ ነበር። ልጄ በሁለት እጇ ልትገድበው ተንበረከከች። ያላወቅናቸው ጎረቤቶች መጥረጊያና ሰፌድ ይዘው ወጡ፤ አንዲት እናት ነጠላቸውን ደረጃው ላይ አነጠፉልን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ሳበጥርና ስነፋ ቆየሁ፤ የደረጃው የሲሚንቶ ብናኝ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ያንን ጤፍ ለየሁት፤ ለልጆቹ አላበላሁትም።

ይህ ከደረሰብኝ በኋላ አቋሜ ተቀይሯል። ለኑሮ ውድነት መዘጋጀት የምትፈልጉ ተከራዮች ከዘይትና ከጤፍ በፊት ከውላችሁ ጀምሩ። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ። አከራዩ እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ቤት አልፌያለሁ፣ አንደኛው ለልጆቼ ትምህርት ቤት ቅርብ ነበር። ኪራዩን በባንክ ላኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የወሩን ስም ጻፉ። አዋጁም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል፤ ቅድሚያም ከሁለት ወር አይበልጥም። ወረዳው መመዝገቡ ይበቃል ይላችኋል። አይበቃም። ሐሰት የተመዘገበበት ውል ካለመኖሩ ይብሳል፤ ችግር በመጣ ቀን ከአከራያችሁ ጋር አብሮ እናንተን ይከሳል። መጠባበቂያችሁንም ከሁለት ወር ወጪ በተጨማሪ ቤት መቀየር በሚያስወጣው ልክ ያዙ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ አስቤ ነበር።

ሌላም አለ፤ ቅር የሚላችሁ ሊሆን ይችላል። እህላችሁን ሲመሽ፣ አንድ ኩንታል በአንድ ጊዜ አስገቡ። ጎረቤትን መጠርጠር ክፉ ነገር ነው ብዬ አድጌያለሁ፤ አሁንም እንዲሁ አምናለሁ። ነገር ግን በቤታችሁ ያለውን የሚያይ ሰው ዕዳችሁን አያይም።

ዕድሬ እዚያው በቀድሞ ሰፈራችን ስለሆነ በየወሩ እሄዳለሁ። ነሐሴ ላይ ከስብሰባው በኋላ አንዲት ወጣት ሰላም አለችኝ፤ እኛ በለቀቅነው ቤት የገባችው እሷ ናት፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስንት እንደምትከፍል ጠየቅኋት። 14,500 አለችኝ። ውሉ ላይስ?

«7,000 ነው የተጻፈው» አለችኝ። «እትዬ ግብሩ ይከብደኛል ስላሉኝ።»

«በባንክ ነው የምትከፍዪው?»

«አይ፣ በእጅ።»

እጇን ይዤ ወደ ዕድሩ ድንኳን ተመለስን፣ ወንበር ስቤም አስቀመጥኋት።