ለፊልም ካሜራዬ የምፈልገው ፍላሽ

ሰሞኑን ሐሳቤ ሁሉ ፍላሽ ላይ ነው። ለፔንታክስ ኬ1000 ካሜራዬ የምገዛው፣ ብርሃን የሚለካ የራሱ ሴንሰር ያለውና ጭንቅላቱ ወደ ላይ የሚዞር አሮጌ ፍላሽ ነው። ወስኛለሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጉልበቱ ነው። ጉልበት በጋይድ ነምበር ይለካል። ቁጥሩ በአይኤስኦ 100 ፊልም (አይኤስኦ ፊልሙ ለብርሃን ምን ያህል ስሱ እንደሆነ ይናገራል) 32 ከሆነና ሰውየው 4 ሜትር ላይ ከቆመ፣ 32 ለ4 ሲካፈል 8፤ አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ኤፍ 8 ነው ማለት ነው። ሰው ግን ባለበት አይቆምም። ልጆች እየተሯሯጡ በየደቂቃው ማን ያካፍላል?

ሴንሰሩን የወደድኩት ለዚህ ነው። ፍላሹ ጀርባ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አይቼ አፐርቸሩን አንዴ አስተካክላለሁ፣ የሹተሩን ፍጥነት 1/60 ሰከንድ ላይ አደርጋለሁ፣ በቃ። ብርሃኑ ሰውየው ላይ አርፎ ሲመለስ ያቺ ትንሽ ዓይን ትለካውና ሲበቃ ትቆርጠዋለች። ካሜራው ምንም ማወቅ የለበትም። ቲቲኤል የሚባለው ሌላው የፍላሽ አሠራር ብርሃኑን በሌንሱ በኩል ስለሚለካ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ የኔ ካሜራ ግን አይችለውም።

የጭንቅላቱ መዞር ደግሞ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ፊት ለፊት የበራ ፍላሽ ግንባር ያብለጨልጫል፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይለጥፋል። ነጭ ኮርኒስ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ግን ብርሃኑ ተበትኖ ይወርዳል፤ የፊት ቅርጽ ይወጣል፣ የጉንጭ ጥላ ይለሰልሳል። ኮርኒሱ ሁለት ስቶፕ ያህል ብርሃን ሊበላ ስለሚችል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) ጉልበት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአይኤስኦ 400 ፊልም ይካካሳል። ታዲያ ጭንቅላቱ ሲዞር ሴንሰሩ አብሮ መዞር የለበትም፤ ወደ ሰውየው እያየ መቅረት አለበት።

አንዳንድ አሮጌ ፍላሾች ከካሜራው ጋር በሚገናኙበት ኮንታክት ላይ ከ200 ቮልት በላይ ይለቃሉ። ኬ1000 ሹተሩ ሜካኒካል ስለሆነ አያሳስበኝም። ዲጂታል ካሜራ ላይ ግን ፈጽሞ አልሰካውም።

ልገዛ ስሄድ ባትሪ ይዤ ነው። መጀመሪያ የባትሪ ቤቱን ከፍቼ ዝገትና ነጭ ዱቄት እንዳለው አያለሁ። ከዚያ አውቶ ላይ አድርጌ ብርሃኑ ነጥሮ ሴንሰሩ ጋ እንዲደርስ መዳፌን ፍላሹ ፊት ቀረብ አድርጌ አበራዋለሁ። ሴንሰሩ ደህና ከሆነ ብልጭታው አጭር ይሆናል፤ የተረፈውን ኃይል የሚቆጥብ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የዝግጁነት መብራቷ ወዲያው ትመለሳለች። ሴንሰሩን በጣቴ ደፍኜ ሳበራው ግን ሙሉውን ይለቃል፣ መብራቷም ትዘገያለች። ልዩነቱ ካልታየኝ አልገዛውም።