የጊዲር መጋላን ጭልፊቶች እንዴት ፎቶ እንዳነሳኋቸው

ሐረር ጊዲር መጋላ ገበያ የሄደ ሰው አሞራዎቹን ያውቃቸዋል። ከስጋ ቤቶቹ በላይ ያንዣብባሉ፣ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፣ ስጋ ሻጩ ቁራጭ ሲወረውር መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይቀልቡታል። ሰው በደፈናው አሞራ ቢላቸውም አብዛኞቹ ጭልፊቶች ናቸው፤ የትልልቆቹ ምንቃር ቢጫ፣ ጅራታቸው መሃሉ ገባ ያለ። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ የደንገጎን ዳገት ከወጣሁ ፀሐይ ሳይከር ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ እደርሳለሁ።

ለወፍ ረጅም ሌንስ ያዝ ይባላል። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ከሆንክ ልክ ነው። እዚህ ግን ወፏ አናትህን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ስለምታልፍ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ የምታገኘው ግማሽ ክንፍ ነው። ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚዘረጋ ሌንስ ይበቃል። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/2000 ሰከንድ አላወርድም፣ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ለካሜራው እተውለታለሁ፣ ፎከሱ ወፏን እየተከተለ እንዲሄድ አደርጋለሁ።

የሚያስቸግረው ብርሃኑ ነው። ጭልፊት ጠቆር ያለች ቡናማ ናት፤ ካሜራው የሚለካው ደማቁን ሰማይ ስለሆነ እሷን ከሰል ያደርጋታል። ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ፣ ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ የሚሻለው ግን ሰማዩን ከነጭራሹ ከፍሬም ማስወጣት ነው። ገበያው አጠገብ ያለ ቤት ባለቤቶቹን አስፈቅጄ ሰገነት ላይ ወጣሁ። ከዚያ ሆነው ሲያዩ ወፎቹ በዓይን ልክ ያልፋሉ፤ ከኋላቸው ያለው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ያው ግድግዳ ደግሞ የጠዋቱን ፀሐይ መልሶ ወደ ላይ ስለሚረጨው ሁልጊዜ ጥላ የሚውጠው የክንፋቸው ስር ላባ በላባ ይለያል። ይህ የሚሆነው ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ፣ የሚወጣውን አየር ይዘው ከፍ ይላሉ፤ ያኔ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ሻይ መጠጣት ነው።

ስጋ ሻጮቹን ሳያናግሩ ካሜራ ማውጣት ነውር ነው። አንዱ አሁን ለምዶኛል፤ ገና ሲያየኝ «አቦ፣ ስጋ ማንሳት ትተህ አሞራ ማንሳት ያዝክ?» ይለኛል። ሩብ ኪሎ ሳልገዛ አልሄድም።

ለቱሪስት ስጋ በእጅ ይዞ ጭልፊቷን መጥራት የተለመደ ነው፤ ጥሩ ትርኢት ይወጣዋል። እኔ አልወደውም። ጥፍሯ ስለት ነው፤ ፎቶውም ሁሉም ሰው ያለው ፎቶ ነው፤ ክንፍ የተዘረጋ፣ እጅ፣ የደነገጠ ፊት።

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው የንጥቂያዋን ቅጽበት ነው። ጭልፊት ግን የነጠቀችውን ይዛ ማረፊያ አትፈልግም፤ ትንሽ ቁራጭ ከሆነ እየበረረች ነው የምትበላው። እግሯን ወደ ፊት ትዘረጋለች፣ አንገቷን ታጎነብሳለች፣ ከጥፍሯ በምንቃሯ ትቀነጥባለች፤ ጅራቷ በዚያ መሃል እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ንጥቂያው ሲያልፍ ጣቴን ከካሜራው ቁልፍ ላይ አላነሳም። ሌላው ሰው ካሜራውን ዝቅ ሲያደርግ የኔ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ለመምረጥ ስቀመጥ መጀመሪያ ዓይኗ ያልጠራውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ አጠፋለሁ፤ ላባው የቱንም ያህል ቢያምር። ቀጥሎ ክንፏ ፊቷን የጋረደባት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ። አንዱ ንጥቂያ ነው፤ ክንፏ ሙሉ ተዘርግቶ፣ ስጋው አየር ላይ። ጓደኞቼ በሙሉ ይህን አሉ። ሌላው እየበረረች ስትበላ ነው፤ አንገቷ ታጥፎ ዓይኗ የያዘችውን ቁራጭ ያያል፣ አንድ የስጋ ጅማት ከምንቃሯ እስከ ጥፍሯ ተወጥሯል። የመረጥኩት ይህን ነው። በንጥቂያው ላይ ዓይን የሚስበው ስጋው ነው፤ እዚህ ግን ወፏ ናት፣ የምታደርገውም የራሷን ጉዳይ ነው። በስተቀኝ የመብራት ሽቦ ክንፏን ያቋርጣል። በኮምፒውተር ማጥፋት ቀላል ነበር፤ አልነካሁትም፤ ጁገል ውስጥ ሽቦ የማያቋርጠው ሰማይ የት ይገኛል?

ሁለቱንም አሳጥቤ ለዚያ ስጋ ሻጭ ወሰድኩለት። የኔን ምርጫ አንዴ አይቶ መለሰልኝና ንጥቂያውን ከሚዛኑ በላይ ሰቀለው። ጥግ ላይ የሱ ሱቅ በር ይታያል።