የሃርለም እማማዎች

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ምክንያቱን አላውቀውም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አውቀዋለሁ፤ ግን ትንሽ ነገር ነው።

እማዬን ዋና ይዣት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ለጉልበቷ "ውሃ ውስጥ ትንቀሳቀስ" ካለ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ውሃው ክብደቷን ይሸከምላታል፣ መገጣጠሚያዋ እፎይ ይላል ብሏል። የዋና ልብስ ፈልጌ ገዛሁላት። ጥቁር፣ እጅጌ ያለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ሳትነጫነጭ ለበሰችው፤ ነጠላዋን ከላይ ደረበችበት። ከዚያ ገንዳው ዳር ተቀምጣ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነከረች። በቃ። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ትንሿ ከወዲያ በኩል "አያቴ ነይ!" እያለች ውሃ ትረጫለች። እማዬ ፈገግ ብላ ትመርቃታለች፤ ከተቀመጠችበት ግን ንቅንቅ የለም።

"እማዬ፣ ወገብሽ ድረስ እኮ ነው።"

"ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፣ ልጄ። ተይኝ እዚሁ ይሻለኛል።"

ተውኳት። ታላቅ ወንድሟን ክረምት ላይ ወንዝ እንደወሰደው እዚህ የምታነቡኝ ታውቃላችሁ። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከብቶቹ ተሻግረው እሱ ቀረ። እኛ ቤት ልጆች "ወንዝ" የሚለውን ቃል በጨዋታ እንኳ አንጠራም ነበር። ዋና ሳልችል አደግኩ፤ ዛሬም አልችልም። ገንዳ ውስጥ ስቆም አንድ እጄ ሁሌም ጠርዙን ይዟል። የሚገርመው ግን እማዬ ጠበል አትፈራም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በዚያ ብርድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ተጠምቃ "ሰውነቴ ቀለለኝ" እያለች ስትወርድ አስታውሳለሁ።

ልንወጣ ስንል የነጠላዋ ጥለት ውሃ ነክቶት ነበር። እሱን ስጨምቅላት የሃርለም እማማዎች ትዝ አሉኝ።

ኒውዮርክ እንደመጣሁ ነው። ሃርለም በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር፣ 135ኛው መንገድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ያቺ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ውስጥ፣ ከመ. ጋር ተዳብዬ የምኖርበት ጊዜ። ቁልፋችን አንድ ብቻ ነበር። መ. ከቤታችን ወረድ ብሎ 134ኛው መንገድ ላይ ያለው የከተማው መዝናኛ ማዕከል ውስጥ ትሠራለች። ሃንስቦሮ ይባላል፤ በ1925 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የተከፈተ ሕንፃ ነው። ቁልፍ ልቀበላት ገባሁ። ጠብቂ ተባልኩ። ገንዳው ዳር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ውሃው ላይ አሮጊቶች ተኝተዋል።

ሌላ ቃል የለኝም፤ ተኝተዋል። በጀርባቸው፣ ፊታቸው ወደ ጣሪያው። ባለ ቀለም የዋና ቆብ አድርገዋል። መሃላቸው ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችም አሉ። የአንዷ እግር የሌላዋ ትከሻ ላይ ገብቷል፤ የዚያችኛዋ ደግሞ የቀጣዩዋ ትከሻ ላይ። እንደ መቁጠሪያ ተያይዘዋል። ዳር ላይ የቆመ ሰው ይቆጥራል። አራት ሲል ሁሉም ቀኝ እጃቸውን ያነሳሉ። ሰንሰለቱ ቀስ ብሎ ይጠመዘዛል፣ ክብ ይሆናል፣ ደግሞ ይፈታል።

ሃርለም ሃኒስ ኤንድ ቤርስ ይባላሉ። ማሮችና ድቦች እንደማለት ነው፤ ማሮቹ ሴቶቹ፣ ድቦቹ ወንዶቹ። ከ1979 ጀምሮ አሉ። አረጋውያን ብቻ ናቸው። ከስልሳዎቹ እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ መቶን ያለፉ አባልም የነበሯቸው። ብዙዎቹ ዋና የተማሩት ካረጁ በኋላ ነው። ይኼን ስሰማ ነው አንገቴን ቀና ያደረግኩት።

አንዷን ከቅርብ አየኋት። ልትገባ ስትል የጆሮ መስሚያዎቿን አወጣች፣ በመሐረብ ጠቀለለቻቸው፣ መሐረቡን ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ብረቱን ይዛ፣ መሰላሉን በጀርባዋ ወረደች። ከዚያ በኋላ የሚቆጥረውን ሰው አትሰማም። ቢሆንም አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም። ዓይኗ አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው ሲነሳ እጇ ይነሳል።

ከልምምዱ በኋላ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ከኢትዮጵያ ስላት "አቢሲኒያ!" ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። 138ኛው መንገድ ላይ ያለው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት። በ1808 የተመሠረተ፣ መሥራቾቹ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩበት የሚባለው። ከኔ ይልቅ እሷ ታሪኩን ታውቀዋለች። ያን ዕለት በዚያች ከተማ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ።

ያደገችው የአሜሪካ ደቡብ ነው። በልጅነቷ ጥቁር የሚገባበት ገንዳ በከተማዋ አልነበረም። ኋላ ላይ ፍርድ ቤት ለሁሉም ክፍት ይሁን ሲል ከተማው ገንዳውን ዘጋው። ይኼ የሷ ከተማ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ብዙ ከተሞች አብሮ ከመዋኘት ገንዳውን መዝጋት፣ አንዳንዶቹም አፈር መሙላት መርጠዋል። ስለዚህ እናቷ ከውሃ አራቀቻት። እሷም ልጆቿን አራቀች። በ2017 የወጣ ጥናት ከመቶ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች 64ቱ ዋና አይችሉም ወይም እምብዛም አይችሉም ይላል። ያን ቁጥር ሳነብ የኛ ቤት ነው የታየኝ። ፍርሃት እንደ ርስት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ።

እሷ በስልሳ ሁለት ዓመቷ ጀመረች። የመጀመሪያው ወር ዋና አልነበረም። ልምምዱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭንቅላትን ለሰው መስጠት። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ መዳፉን ማጅራትሽ ሥር ያደርጋል። አንቺ አንገትሽን ትለቂያለሽ። ያ ነው ከባዱ። አንገት አይለቅም። አንገት ከተለቀቀ ሌላው ይከተላል። ሳንባ አየር ሲሞላ ደረት ራሱ ይንሳፈፋል። እግር ግን ይሰምጣል፤ ለዚያ ነው መዳፍን ዳሌ አጠገብ አድርገው ውሃውን እያማሰሉ የሚቆዩት። ሰንሰለት ሲሠሩ ደግሞ የአንዷን እግር የሌላዋ ደረት ይሸከመዋል። ብቻዋን ብትሆን የምትሰምጥ ሴት እዚያ መሃል ገብታ አትሰምጥም።

ይኼው ጥበብ፣ ተቀናጅቶ መዋኘት፣ በ1984 ኦሎምፒክ ገብቷል። እነዚያ ወጣቶች ፀጉራቸውን በጄላቲን አድርቀው፣ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው፣ በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው ተአምር ይሠራሉ። የገንዳውን ወለል መንካት አይፈቀድላቸውም። ያምራል፤ አያለሁ። ግን ልቤ ያለው ወለሉ ላይ ቆመው ትንፋሽ የሚሰበስቡት ጋ ነው። ያን ዕለት ሃርለም፣ ልምምዱ መሃል ላይ አንዷ ደክሟት ቆመች። ማንም ምንም አላላትም። ሁለቱ በግራና በቀኝ ክርኗን ያዙ፣ ጠበቋት፣ ከዚያ አብረው ተመልሰው ተኙ።

መ. ቁልፉን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቆማ እንደነበር እንኳ አላስተዋልኩም።

አሁን ሌሊት ነው። እማዬ ተኝታለች። ነጠላዋ ማሞቂያው ላይ እየደረቀ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያቺን የሃርለም ሴትዮ ሳልጠይቃት የቀረሁትን ነገር እያሰብኩ ነው።

እማዬ የሚካኤል ማኅበሯን የወረሰችው ከእናቷ ነው። አያቴ ስትሞት ማኅበርተኞቹ ቦታዋን ለሌላ አልሰጡም። እማዬን ጠሩ፣ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ አስቀመጧት፣ ጽዋው በተራዋ ደረሳት። እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው።

እነሱስ? ሁሉም አርጅተዋል። ከ1979 ጀምሮ ስንቱ ሄዷል። አንዷ ስታርፍ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ሰንሰለቱ እንዴት ይሠራል? ከኋላዋ የነበረችው እግሯን ማን ትከሻ ላይ ታደርጋለች? ወዲያው ይጠጋጋሉ? ወይስ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለአንድ ሳምንት እንኳ፣ ቦታዋን ክፍት አድርገው ነው የሚተኙት?