ጠማማ ቤት የሚሠራ ግንበኛ

ሰሞኑን ደብቶኛል። ሲደብተኝ ዕቃ ከቦታ ቦታ ማዛወር እንደማበዛ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ዛሬም መስታወቱን ከሳሎን አውርጄ ኮሪደሩ ላይ ሰቀልኩት። ሰውየው ከሶፋው ሳይነሣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና «የሂምሊውን ቤት አስመሰልሽው» አለኝ። መዶሻውን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሂምሊ ከእኛ ከተማ ከበርሚንግሃም ወደ ምዕራብ፣ ደድሊ አጠገብ ያለች የስታፎርድሺር መንደር ናት። እዚያ «ጠማማው ቤት» የሚባል መጠጥ ቤት ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1765 ሲሠራ የገበሬ ቤት ነበር፤ በ1830 ገደማ መጠጥ ቤት ሆነ። በዚያው ክፍለ ዘመን ከሥሩ የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ ወጣና መሬቱ ሰመጠ፤ የቤቱ አንድ ጎን ከሌላው 1.2 ሜትር ያህል ዝቅ አለ። የቀድሞ ስሙ የባለርስቱን የግሊንን ቤተሰብ የሚጠራ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ያየውን ጠራ። በ1940ዎቹ አደገኛ ነውና ይፍረስ ተብሎ ሳለ ቢራ ጠማቂው ኩባንያ በግንብና በብረት ደግፎ አተረፈው። አላቃናውም። እንደ ዘመመ እንዲቆም ብቻ ነው ያደረገው፤ ይህን ያሰበውን ሰው ሳላውቀው እወደዋለሁ።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ዝቅ ያለ በሚመስለው ጫፍ ብይ አስቀመጡልን። ብይዋ ትንሽ አመነታችና ዳገቱን ወጣች! ዳገት የለም እርግጥ፤ ዓይን ግድግዳውን አምኖ ስለሚለካ ነው የሚሳሳተው። ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ለስላሳ በአንድ ወገን ሊደፋ የደረሰ ስለመሰለኝ ደጋግሜ አቃናሁት፤ ባቃናሁት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ከጣሪያው ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለው መብራት ደግሞ በዚያ ሁሉ ጠማማ መካከል ብቻውን እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ ይታያል። ቢራ የጠጡት ባልደረቦቼ ከእኔ ይልቅ ተረጋግተው ነበር።

በጁላይ 2023 ቤቱ ተሸጠ። ኦገስት 5 ቅዳሜ ሌሊት ተቃጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ መንገዱን የአፈር ክምር ዘግቶት አገኙ። ሰኞ ዕለት የቀረውን ቁፋሮ ማሽን መጥቶ ደረመሰው፤ ፖሊስም ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት ነው ብሎ ምርመራ ያዘ። ከመቶ ዓመት በላይ ዘሞ ያልወደቀ ቤት በሁለት ቀን አለቀ። በቅርስነት ይመዝገብ የሚል ማመልከቻ የገባለት ገና በዚያው ሰሞን ነበር፤ ወረቀት ሁልጊዜ በእግሩ ነው የሚመጣ።

ያኔ ሁላችንም ስለ እሳቱ ነበር የምናወራው። እኔን ዛሬ ደረጃው ላይ ያስቀረኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በፌብሩዋሪ 2024 የአካባቢው ምክር ቤት ባለቤቶቹን በሦስት ዓመት ውስጥ ከቃጠሎው በፊት ወደነበረበት መልሳችሁ ሥሩት አላቸው። እነሱም ይግባኝ አሉ። ወደነበረበት ማለት እኮ ጠማማ ማለት ነው። በከሰልና በጊዜ የመጣ ዝንባሌ በወረቀት ላይ ተነድፎ፣ በዲግሪ ተለክቶ፣ በመሐንዲስ ተፈርሞ ሊሠራ ነው? ግንበኛው ውኃ ልኩን ጡቡ ላይ አስቀምጦ «ገና ነው፣ ትንሽ ይጣመም» ይላል? ቀጥ አድርጎ ከገነባው ከሥራው ይባረራል?

አላስቻለኝም፤ ዕድሜውን በሙሉ ቱምቢ ይዞ ቤት ሲሠራ ለኖረው ጋሼ ደወልኩ። ጤንነቱን እንኳን በቅጡ ሳልጠይቅ «ጋሼ፣ ጠማማ ቤት ሥራ ቢሉህ ትችላለህ?» አልኩት።

«ብዙ ሠርቻለሁ» አለ፤ «አስቤበት ግን አይደለም።»

ሳቅን። እኔ በመሰለኝ መጠን ስለ ዝንባሌው፣ ስለ ብይዋ፣ ስለ ይግባኙ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ቆይ፣ ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ተደፍኗል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ከሰሉ የወጣበት ነዋ! መሬቱ ገና የሚሰምጥ ከሆነ ቀጥ አድርጎ ሠርቶ መጠበቅ ነው። ምን አደከማቸው?»

እኔ ቀኑን ሙሉ ስለ ግድግዳ ስፈላሰፍ መሬት የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም። ጋሼ አሁን የአፈሩን ዓይነት አጣርቼ እንድነግረው እየጠበቀ ነው፤ እንግሊዝ አገር ሥራ ያገኘሁለት ሳይመስለው አልቀረም።