ጤፍ ይናገራል፣ ገብስ ዝም ይላል

ሰሞኑን የማመሸው ስለ ተራራ አፈር ሳነብ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን የጤፍና የገብስ ነገር ነው፤ አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ምን ያህል እንደቆየ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ዝም ይላል።

አየር ውስጥ ካለው ካርቦን 99 በመቶ ገደማው ቀላሉ ካርቦን 12 ነው። የቀረው ከበድ የሚለው ካርቦን 13 ነው ማለት ይቻላል። ተክሎች ቀላሉን ይመርጣሉ፤ ምርጫቸው ግን እኩል አይደለም። ዛፍ፣ ስንዴና ገብስ ከባዱን አጥብቀው ይሸሹታል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ብዙም አይጨነቁም። በላቦራቶሪ ሲለካ የእነ ገብስ ካርቦን 13 ከመነሻ መለኪያው በሺህ 27 ገደማ ያንሳል፤ የእነ ጤፍ በሺህ 13 ገደማ ብቻ።

ደን ተመንጥሮ ጤፍ ተዘራ እንበል። ሥሩና ገለባው አፈር ውስጥ ሲበሰብስ የአፈሩ ቁጥር ከ27 ወደ 13 ቀስ እያለ ይሄዳል። 20 ላይ ከተገኘ፣ ግማሹ ካርቦን ከጤፍ የመጣ ነው፤ ግማሹ ገና የዱሮው ደን ነው። ደኑ መቼ እንደተመነጠረና አፈሩ ውስጥ በጠቅላላው ስንት ካርቦን እንዳለ ከታወቀ፣ የዱሮው በምን ፍጥነት እያለቀ እንደሆነ ይሰላል። እኔን ይሄ ያስደምመኛል። ገበሬው ሳያስበው ሙከራውን ሠርቶ ጨርሶታል።

ደጋ ሲወጣ ግን ጨዋታው ፈረሰ። ጤፍ ብርድ አይወድም። ከላይ ያለው ገብስ ነው፤ ከገብሱም በላይ የጓሳ ሣርና የአስታ ቁጥቋጦ። ሁሉም የ27 ወገን ናቸው። አስታ ተመንጥሮ ገብስ ቢዘራ ቁጥሩ ምንም አይናገርም። ጭራሽ ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ቁጥሩ በራሱ ፈቀቅ ይላል፤ በከፊል ከመበስበሱ፣ በከፊል ደግሞ የነዳጅ ጭስ የዛሬውን አየር ስለለወጠው።

እዚያ የሚያዋጣው ካርቦን 14 ነው፤ ከሁለቱም የሚከብደውና እጅግ ጥቂት የሆነው የካርቦን ዓይነት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) አየር ላይ የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች በሰሜኑ የምድር ክፍል አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ያ ትርፍ የታየበት አፈር ከዚያ ወዲህ አዲስ ካርቦን ገብቶበታል ማለት ነው። የቦምብ ውለታ በሉት።

የማልወደው የአፈር ካርቦን «አማካይ ዕድሜ» የሚሉትን ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ውርጩ ብስባሹን የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ያዘገያቸዋል። በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ደግሞ አልሙኒየምና ብረት ካርቦኑን አንቀው ይይዙታል። ስለዚህ አንድ እፍኝ አፈር ውስጥ የአምናው ሥርና እጅግ ያረጀ ብስባሽ አብረው ይኖራሉ። አማካዩ ሁለቱንም አይገልጽም።

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ለገብስ ሲባል አፈር ቆልሎ የማቃጠል ልማድ አለ። መጀመሪያ ጥሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ መሬቱ ለዓመታት ጦም ያድራል። ጎን ለጎን ያሉ፣ አንዱ የተቃጠለ ሌላው ያልተነካ፣ ሁለት ማሳዎች ላይ ካርቦን 14 ቢለካ ደስ ይለኛል። የሚነደው የአምናው ሥር ነው ወይስ የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ብስባሽ? ምርመራው ውድ ነው እንጂ ጥያቄው ቀላል ነው።